በፈቃዱ የሚለቀውን የሚመርጠው ማን ነው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ሥራ ሲቀዘቅዝ ሠራተኛ ከመቀነስ በፊት «በፈቃዱ መልቀቅ የሚፈልግ ይመዝገብ» የሚል ማስታወቂያ የሚለጥፉ ድርጅቶች አሉ። ለሰሚው ደግ ነገር ነው። የሚሄደው ወዶ ይሄዳል፣ የሚቀረው ተረጋግቶ ይሠራል፣ ክስና ሙግትም ይቀራል። እኔም አሠራሩን አልቃወምም። የምቃወመው ከተመዘገቡት መካከል ማን ተፈቅዶለት ማን «አይቻልም» እንደሚባል የሚወሰንበትን ሁኔታ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ውሳኔው በአንድ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ያለቀ ነውና።

አቃቂ አካባቢ በሚገኝ አንድ የማምረቻ ድርጅት ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበራችንም ጸሐፊ ነበርኩ። የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ ጥሬ ዕቃ መግባት ሲያቆምና ማሽኖቹ ከግማሽ ቀን በላይ መቆም ሲጀምሩ አስተዳደሩ እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈ። ፎርሙ አንድ ገጽ ነበር፤ ስም፣ የሥራ መደብ፣ የቅጥር ዘመን፣ ፊርማ። ከግርጌው ደቀቅ ባለ ጽሑፍ «ድርጅቱ ጥያቄውን የመቀበልም ሆነ ያለመቀበል መብቱ የተጠበቀ ነው» ይላል። በምን መለኪያ እንደሚቀበል የሚገልጽ አንድ መስመር እንኳ አልነበረበትም።

ሰው ግን ተሰለፈ። ከተሰለፉት አንዱ በቶርኖ ሥራ ያረጀ ባለሙያ ነበር። ዓይኑ እየደከመ ስለመጣ የሚከፈለውን ተቀብሎ ከልጁ ጋር አነስተኛ ጋራዥ ሊከፍት አስቦ ነበር። ጥያቄው ተመለሰበት። የሰው ሀብት ኃላፊው አስጠርተው «ጋሼ፣ እርስዎማ ያስፈልጉናል» አሉት። የሱ መልስ እስከ ዛሬ በግቢው ይነገራል፤ «ይህን ያህል ካስፈለግኋችሁ የደመወዝ ጭማሪ ስትሰጡ ለምን ረሳችሁኝ?» በአንጻሩ የተፈቀደላቸው በአብዛኛው ከተቀጠሩ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ነበሩ። ከነሱም ውስጥ ጥቂቶቹ አለቃቸው «ብትመዘገብ ይሻልሃል» ብሎ የገፋፋቸው እንደነበሩ በኋላ ሰምተናል።

ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፤ ሒሳብ አለው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በሠራተኛ ቅነሳ ለሚሰናበት ደግሞ በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከልለታል። እንግዲህ ወርሃዊ ደመወዙ 18,000 ብር የሆነ፣ 11 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ እንውሰድ። ለመጀመሪያው ዓመት 18,000፣ ለቀሪዎቹ 10 ዓመታት 60,000፣ በተጨማሪ 36,000፤ ድምሩ 114,000 ብር ይመጣል። ያው ደመወዝ ያለው የ4 ዓመት ሠራተኛ በዚሁ ስሌት 72,000 ብር ያገኛል። አሠሪው የሚያየው የከፈለው ገንዘብ በስንት ወር ደመወዝ እንደሚመለስለት ነው፤ ለመጀመሪያው ከስድስት ወር በላይ፣ ለሁለተኛው ደግሞ አራት ወር። ስለዚህ አጭር አገልግሎት ያለውን ማሰናበት ይረክሳል። መሄድ የሚፈልገው ግን ብዙውን ጊዜ የቆየው ሠራተኛ ነው፤ የሚያገኘው ገንዘብ ቁም ነገር ሊሠራበት የሚችል ስለሆነ። ሁለቱ ፍላጎቶች እዚህ ላይ ይጋጫሉ፣ ማብራሪያ ሳይሰጥም የአሠሪው ያሸንፋል።

የአሠሪውም ሥጋት ውሸት አይደለም። በሩን ዝም ብሎ ቢከፍት መጀመሪያ የሚወጡት ሌላ ቦታ በቀላሉ ሥራ የሚያገኙት፣ ማለትም ጥሩዎቹ ናቸው። ኤሌክትሪሺያኑ፣ ቶርኖ ሠራተኛውና የጥራት ተቆጣጣሪዋ በአንድ ቀን ቢለቁ ፋብሪካው የሚቆመው በጥሬ ዕቃ እጦት መሆኑ ይቀርና በሰው እጦት ይሆናል። ይህን ማንም ይረዳል። «እነዚህ የሥራ መደቦች በምዝገባው አይካተቱም» ብሎ ማስታወቂያው ላይ መጻፍ ግን ምን ይከብዳል? ሰውየው ፎርም ሞልቶ፣ ለሚስቱ ነግሮ፣ ለጋራዡ ቦታ ማፈላለግ ከጀመረ በኋላ ነው «አይቻልም» የተባለው።

ወደ ሕጉ ስንመለስ፣ ለግዴታ ቅነሳ መንገዱ ተጽፏል። የአዋጁ አንቀጽ 29 አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካይ ጋር እንዲመካከር ያዝዛል። በቅድሚያ በሥራ ላይ የሚቆየው የሥራ ችሎታ ያለውና ከፍ ያለ ውጤት የሚያሳየው ነው። በዚህ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ የሚነካው አገልግሎቱ አጭር የሆነው፣ ከዚያም ጥቂት ጥገኞች ያሉት እያለ ይቀጥላል። በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰባቸው፣ የሠራተኛ ተወካዮችና ነፍሰ ጡሮች ጥበቃ አላቸው። ቅደም ተከተሉ ጎዶሎ ነው የሚል ሊኖር ይችላል፤ ቢያንስ ግን የሚከራከሩበት ነገር አለ። ቅነሳው «በፈቃድ» የሚል ስም ሲሰጠው ግን ይህ ሁሉ ወደ ጎን ይባላል። ማኅበሩን ማን ያማክረዋል? «ሰዎቹ ራሳቸው ጠይቀው ነው የሄዱት» ይባላላ! አዋጁ ቅነሳ የሚለው ቢያንስ ከሠራተኛው 10 በመቶ የሚሆነውን ሲነካ ነው፤ በፈቃዳቸው የሄዱት ከቁጥሩ ከወጡ ቀሪው ከ10 በመቶ በታች ይወርድና አንቀጽ 29 ራሱ አይነሳም።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የሚፈረመው ወረቀት ነው። በእኛ ድርጅት የተፈቀደላቸው ልጆች የተሰጣቸው ወረቀት «በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን ለቅቄያለሁ» የሚል ነበር፤ ያው ተራ የመልቀቂያ ደብዳቤ። በአዋጁ አንድ ሠራተኛ በራሱ ተነሳሽነት ሲለቅ የሥራ ስንብት ክፍያ የሚያገኘው ቢያንስ አምስት ዓመት ካገለገለ ነው፤ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታም ሊኖርበት አይገባም። ስለዚህ ያ ቅድም 72,000 ብር ያሰላንለት፣ ጡረታውም ገና ሩቅ የሆነ የ4 ዓመት ሠራተኛ በዚህች ወረቀት ላይ ሲፈርም በሕግ የሚጠይቀው ስንብት ዜሮ ይሆናል። የሚያገኘው ድርጅቱ «ፓኬጅ» ብሎ የቆረጠለትን ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ፓኬጁ የሁለት ወር ደመወዝ ነበር፤ ልጆቹም ደስ ብሏቸው ፈረሙ። የ4 ዓመት አገልግሎት ያለው በቅነሳ ቢሰናበት ኖሮ የሚያገኘው እጥፉን መሆኑን የነገራቸው አልነበረም። ማኅበሩም ነገሩን የሰማው ክሊራንስ ሲያዞሩ ነው።

ለዚህም ቢሆን ሕጉ ዝም አላለም። በአንቀጽ 25 ሁለቱ ወገኖች የሥራ ውሉን በስምምነት ማቋረጥ ይችላሉ፤ ስምምነቱ ሠራተኛውን የሚያስገድደው በጽሑፍ ሲሆን ነው፤ ሠራተኛው በሕግ ያገኘውን መብት ትቻለሁ ቢል እንኳ መተዉ አይጸናም። በፈቃድ ለሚለቅ ሰው ትክክለኛው ቦታ ይህ ነው፤ ፎርሙ የመልቀቂያ ደብዳቤ ሳይሆን ስምምነት መሆን አለበት። ስምምነቱ ላይ ምክንያቱ የድርጅቱ ሠራተኛ የመቀነስ ፍላጎት መሆኑ ይጻፍ፣ ክፍያውም ተዘርዝሮ ይቀመጥ፤ ስንብት፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ። ክፍያው ውሉ ከተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም እንዳለበትም አዋጁ ይናገራል፤ «ፋይናንስ ጋ ነው» እየተባሉ ወራት የሚመላለሱ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ደግ ነው።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስል፣ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ያሉ ወገኖቻችን በቅርቡ በሰፊው ያዩት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት አሁን ለመልቀቅ የተስማማ ሠራተኛ እስከ መስከረም መጨረሻ ደመወዙ እየተከፈለው እንዲሄድ በኢሜይል ጠየቀ። በመጀመሪያው ዙር ወደ 75,000 የሚሆኑ ሰዎች ተቀበሉ። ወታደሮች፣ የፖስታ አገልግሎት ሠራተኞች፣ የኢሚግሬሽንና የብሔራዊ ደኅንነት መደቦች ከመነሻው አልተካተቱም፤ ከእነዚህ ሌላ ማን እንደማይካተት የመወሰኑ ሥልጣን ለየመሥሪያ ቤቱ ተተወ። የግብር ማሳወቂያው ወቅት ስለነበረ በዚያ ሥራ ላይ የተሰማሩ የግብር መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች እስከ ግንቦት አጋማሽ መሄድ እንደማይችሉ የተነገራቸው ጥሪው ከወጣ በኋላ ነው። እዚያም ቢሆን ግርታ አልጠፋም። የማይካተቱት ዋና ዋና መደቦች ግን ከጥሪው ጋር አብረው ተጠቅሰዋል፤ ይህን ያህሉን የአቃቂ ፋብሪካም ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

ባንክ ቤት የሚሠሩ ወዳጆቼ ደግሞ እኔ ያላሰብኩትን አንስተውልኛል፤ የቤት ብድር። ሠራተኛው በሠራተኛነቱ ባነሰ ወለድ የወሰደው ብድር፣ ሥራ ሲለቅ ብዙ ጊዜ ወደ መደበኛው ወለድ ይዞራል። እንዲህ ያለ ዕዳ ያለበት ሰው የሚሰጠውን ፓኬጅ ከወለዱ ልዩነት ጋር ሳያነጻጽር ከፈረመ የተቀበለውን መልሶ ለዚያው ባንክ መክፈሉ ነው። «ፈቃደኛ» ተብሎ ሲመዘገብ ይህን የማስረዳት ግዴታ የአሠሪው ሊሆን ይገባል።

ጥያቄዬ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴርና ለኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ነው። ሚኒስቴሩ በፈቃድ የሚደረግን ስንብት የሚገዛ አጭር መመሪያ ቢያወጣ፦ ከምዝገባ በፊት የማይካተቱት መደቦች ይገለጹ፤ ከሚፈለገው በላይ ሰው ሲመዘገብ በአገልግሎት ዘመን ይሁን በጤና ወይም በሌላ መለኪያ እንደሚለይ አስቀድሞ ይጻፍ፤ የተከለከለ ሠራተኛ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው፤ የማኅበሩ ተወካይ በውሳኔው ላይ ይቀመጥ። በበኩሌ ለተመሳሳይ መደቦች የአገልግሎት ዘመንን አስቀድም ነበር፤ ዕድሜውን ለድርጅቱ የሰጠ ሰው ልውጣ ሲል ቅድሚያ ማግኘቱ አግባብ ይመስለኛል። ሌላ የሚል ካለ ይከራከር። ኢሠማኮ ደግሞ መመሪያውን ሳይጠብቅ፣ ማኅበራት በኅብረት ስምምነታቸው ውስጥ የሚያስገቡትን ሞዴል አንቀጽ ማዘጋጀት ይችላል። የኅብረት ስምምነታቸው የሚታደስበት ጊዜ የደረሰ ማኅበራት ይህን አንቀጽ ለድርድሩ ይዘው ቢገቡ መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊ፣ ከአቃቂ