የዶቃ ክበብ፦ ከመደርደር ወደ መስፋት

ክበባችን ከዚህ በፊት የሚታወቀው ዶቃ በላስቲክ ክር ላይ ደርድሮ አምባር በመሥራት ነበር። አምባሩ ያምራል። ላስቲኩ የተበጠሰ ቀን ግን ዶቃው ሁሉ መሬት ላይ ይበተናል። ዘንድሮ ከመስከረም ጀምሮ ሌላ መንገድ ያዝን፤ ዶቃን ከዶቃ ጋር በመርፌና በክር መስፋት። በዚህ ዓይነት ሥራ ክሩ በአንድ ዶቃ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ያልፋል። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ቢበጠስም ሌላው ባለበት ይቆያል።

ዶቃውን የገዛነው መርካቶ ነው። ጥቃቅን ዶቃ በቁጥር ይለያል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ዶቃው ያንሳል። 11 ቁጥር ስፋቱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ነው፣ 8 ቁጥር ደግሞ ወደ 3 ሚሊ ሜትር። ለጀማሪ 8 ቁጥር ይሻላል። የልጆቹ ዓይን ያረፈው ግን ትንሹ ላይ ስለነበር ሁለቱንም ገዛን። ርካሽ ዶቃ መጠኑ እኩል አይደለም። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። እነዚህ ሲቀላቀሉ የሥራው ጠርዝ ይወላገዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የሠራነው ሥራ ዶቃ መልቀም ነበር። ወፍራሙን በአንድ ሳህን፣ ቀጭኑን በሌላ። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ግን በደንብ የለቀመ ልጅ ሥራው ከሩቅ ይለያል።

የጀመርነው ፔዮቴ በሚባለው ስፌት ነው። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች አሳምረው የሚሠሩበት ስፌት ነው። ክሩን በሰም እናሸዋለን፤ እንዳይተረተርና እንዳይወሳሰብ። ጫፉ ላይ ሌሎቹ እንዳይፈሱ አንድ መግቻ ዶቃ እናስራለን። ከዚያ 10 ዶቃ በመርፌ ይለቀማል። 11ኛው ሲገባ መርፌው 10ኛውን ዘሎ በ9ኛው ውስጥ ወደ ኋላ ያልፋል። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ያው ነው፤ አንድ መልቀም፣ አንድ መዝለል፣ በአንድ ማለፍ።

ሲነገር ቀላል ነው። ሁሉም ልጅ የተቸገረው ግን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ 10 ዶቃዎች እዚያ ላይ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ግማሹ ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች። ክሩ ካልተወጠረ ሁሉም ይጠማዘዛል። «ቲቸር፣ ዞረብኝ!» የሚለው ድምፅ ጥቅምትን ሙሉ አልጠፋም። መፍትሔው ቀለም ሆነ። የመጀመሪያዎቹን 10 ዶቃዎች አንድ ቀይ፣ አንድ ነጭ አድርገን ደረደርን። ሦስተኛውን ረድፍ በሰማያዊ ሠራን። ያን ጊዜ የትኛው ዶቃ የየትኛው ረድፍ እንደሆነ ለሁሉም ታየ።

በክበባችን አንድ ሕግ አለ። የተበላሸ ሥራ የሚፈታው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ እኔም ሆንኩ ጓደኛው አንፈታለትም። ጨካኝ ሊመስል ይችላል። ግን ልጆቹ ክሩ በየት በኩል እንደሄደ የሚያስተውሉት ሲፈቱ ነው። አንዷ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ያንኑ አምባር ደጋግማ ፈታች። ታኅሣሥ ላይ አዲስ ለመጡት ልጆች ሦስተኛውን ረድፍ የምታሳየው እሷ ነበረች።

በሁለተኛው መንፈቅ ወደ ጡብ ስፌት አለፍን። ላዩን ሲያዩት ከፔዮቴ ጋር አንድ ነው፤ ፔዮቴን አዙረው ያስቀመጡት ይመስላል። ልዩነቱ መርፌው ላይ ነው። በጡብ ስፌት መርፌው የታችኛውን ረድፍ ዶቃ ትቶ፣ በሁለት ዶቃዎች መካከል ያለውን ክር ይይዛል። በየረድፉ አንድ ዶቃ እየቀነሱ ሲሄዱ ሦስት ማዕዘን ይወጣል። ጉትቻ የሠራነው በዚህ ነው። ከዚያ የደቡብ አፍሪካ ንዴቤሌ ሴቶች ከሚታወቁበት ስፌት ጋር ተዋወቅን። ሁለት ሁለት ዶቃ አብሮ ይለቀማል፤ ጥንዶቹ እንደ ስንዴ ዛላ እርስ በርስ ተጋድመው ይቀመጣሉ። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህንን ነው።

የዓመቱ ትልቁ ቀን ሚያዝያ ላይ ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ወዳለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም የሄድንበት ነው። በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው ያለው። ልጆቹ ጌጥ ባዩበት መስታወት ሁሉ ፊት ቆሙ። «ያምራል» ብለው አላለፉም። አንዱ ልጅ አንገቱን አጣሞ ክሩ በየት በኩል እንደገባ ይፈልግ ነበር። ሌሎቹ ይህ የተደረደረ ነው፣ ያ የተሰፋ ነው ብለው ይከራከራሉ። ከአንድ ዓመት በፊት ይህን ክርክር የሚጀምር ልጅ አልነበረንም። ደስታዬን ልደብቀው አልቻልኩም።

እዚያው ሙዚየሙ ውስጥ፣ በደቡብ ኦሞ ስላሉት የሐመር ሴቶች የፍየል ቆዳ ልብስ ተነጋገርን። ዶቃውና ዛጎሉ ቆዳው ላይ ይሰፋል። ልጆቹ እንሞክረው አሉ። ከጫማ ሠሪ ቁርጥራጭ ቆዳ ለመንን። ቆዳ በቀጭን የዶቃ መርፌ አይበሳም፤ ቀድሞ በወስፌ መበሳት አለበት። ቀዳዳዎቹ በጣም ከተቀራረቡ ደግሞ ቆዳው ይቀደዳል። የሐመር እናቶች ምን ያህል እንደሚለፉ የገባን ያን ጊዜ ነው።

በወላጆች ቀን ሥራዎቻችንን ሸጥን። የተገኘው ገንዘብ ለመጪው ዓመት ዶቃና መርፌ መግዣ ተቀምጧል። ወንዶች ልጆች ዓመቱን ሲጀምሩ በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር፤ ሰኔ ላይ አንዱን ጠረጴዛ ሞልተውታል።

በመጪው ዓመት የንዴቤሌውን ስፌት ክብ አድርጎ እንደ ገመድ መሥራት እንጀምራለን። ምዝገባው መስከረም ላይ ነው። ወላጆች፣ ቤት ውስጥ የተበጠሰ የአንገት ዶቃ ካለ ልጆቻችሁን አስይዛችሁ ላኩልን። መቀስ፣ ክዳን ያላቸው ትናንሽ ዕቃዎችና ነጭ ጨርቅም ያስፈልገናል። ጨርቁ ጠረጴዛ ላይ ሲነጠፍ ዶቃው አይንከባለልም።