ዝቃጩን ጉድጓድ ውስጥ አንድፋው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤ ጤና ይስጥልኝ።

አዳማ ውስጥ የናፍጣ ቦቴ ሳጥብ 11 ዓመት ሆነኝ። ከታንከሩ ስር በአካፋ የምናወጣው ጥቁር ዝቃጭ እንደ ገንፎ ይከብዳል። እጅ ላይ ከተጣበቀ በዱቄት ሳሙና እንኳ አይለቅም። ድሮ የሠራሁበት ቦታ ጉድጓድ ውስጥ እንድንደፋው ያደርጉን ነበር። ክረምት ላይ ዝናቡ አጥቦ ሰፈር ቦይ ውስጥ ከተተው። ውሃው ላይ ቅባቱ ቀለም ቀለም እየሠራ ሲሄድ አይቻለሁ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ዝቃጩ ግን ቆሻሻ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ዘይት አለ። ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ራምኖሊፒድ የተባለ ሳሙና መሰል ነገር ያመርታል። የእንዶድ አረፋ ከነጠላ ላይ ቅባት እንደሚያስለቅቅ፣ ይሄም ዘይቱን ዝቃጩ ውስጥ ካለው አሸዋ ያላቅቃል። ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ ይቀዳል። ኩዌት ውስጥ ባክቴሪያ ያመረተው እንዲህ ያለ ሳሙና መሰል ነገር በድፍድፍ ነዳጅ ማጠራቀሚያ ላይ ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመው ውጤት፣ ከዝቃጩ 90 በመቶ ያህሉ የሚሸጥ ድፍድፍ ነዳጅ ሆኖ ተመልሷል።

የእኛ የናፍጣ ዝቃጭ ከድፍድፉ ይለያል፤ ስለዚህ እዚሁ መሞከር አለበት። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ እባካችሁ አንድ በርሜል ውሰዱና ሞክሩት። በርሜሉን እኔው ራሴ ጭኜ አመጣለሁ።

ቦቴ አጣቢው፣ ከአዳማ