የጣና ዕዳ

ሙሌዬ፣ እንደምን ከረምክልኝ?

እትዬ የሺ ሲያርፉ ሳልደውልልህ ቀረሁ። ዛሬ ነገ ስል ወር ሆነ፣ ወሩም ዓመት አለፈው፤ ከዚያ ወዲያ ስልክ ማንሳቱም አሳፈረኝ። ብትቀየመኝ ይገባኛል። አሁን ያስጻፈኝ ግን አንተንም የሚነካ ጉዳይ ነው።

እዚህ እንግሊዝ ዕድሜው ከ50 እስከ 74 ለሆነ ሰው በየ2 ዓመቱ የአንጀት ካንሰር መመርመሪያ በፖስታ ይመጣለታል። ትንሽ ብልቃጥ ናት፤ በስንጥሯ ሰገራህን ጫር ጫር አድርገህ፣ ከድነህ ትልካለህ። (ፖስተኛው የተሸከመውን አያውቅ!) የሚፈለገው በዓይን የማይታይ ደም ነው። ከ100 ሰው 2 ያህሉ ለተጨማሪ ምርመራ ይጠራል፤ እኔም ተጠራሁ።

ለኮሎኖስኮፒው፣ ማለት ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ አንጀትን ለሚያዩበት ምርመራ፣ ምስርና ጎመን ከለከሉኝ፤ ነጭ ዳቦና እንቁላል ብቻ። ማታ ደግሞ ሎሚ የተጨመቀበት የባሕር ውሃ የሚመስል ነገር በሊትር አጠጡኝ። ኮሶ በስንት ጣዕሙ! ሽንት ቤት አደርኩ። በነጋታው በጎኔ ተኝቼ የራሴን አንጀት በስክሪን አየሁ፤ ሁለት ኪንታሮት መሳይ ነገር፣ እነሱ ፖሊፕ የሚሉት፣ ተቆርጦ ወደ ላብራቶሪ ሄደ።

ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። ለባለቤቴ ትንፍሽ አላልኩም፤ ሌሊት ሌሊት ኑዛዜ ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ሐኪሟ ደወለች፤ «ካንሰር አይደለም» አለችኝ። ተመስገን ሳልል አስከትላ፣ «ልጅ ሳሉ ሐይቅ ውስጥ ዋኝተው ያውቃሉ?»

ቢልሃርዚያ ነው፣ ሙሌ! ፖሊፑ ውስጥ የተገኘው የትሉ እንቁላል ነው። ከቀንድ አውጣ የሚወጣው ትል ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ካደገ በኋላ አንጀት አካባቢ ባሉ ደም ሥሮች ውስጥ ወንድና ሴቱ ተቃቅፈው ይኖራሉ፤ አንዳንዴ ከ20 ዓመት በላይ። እኔ ካገር ከወጣሁ 22 ዓመቴ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የዋኘሁት ክሎሪን ያለበት ገንዳ ውስጥ ብቻ። ያለ ቪዛ አብሮኝ ኖሯል።

እትዬ የሺ በአለንጋ ከጣና ሲያስወጡን የፈሩልን ጉማሬውን ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጆቹ 1964 ዓድዋ ላይ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያስተዋሉት ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አይተው ነው፤ እኛ ግን ከአጣቢዎቹ ሸሽተን ቄጠማው ውስጥ ነበር የምንገባው።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል። በኪሎዬ ተሰልቶ 5 ፍሬ፣ በአንድ ቀን አለቀ።

አንተ ከእኔ ይልቅ ትጠልቅ ነበር። ነገ ጤና ጣቢያ ሂድና ሰገራህን አስመርምር፤ ሐይቅ ውስጥ ትዋኝ እንደነበርክም ንገራቸው። አንዴ ባይገኝ አስደግመው። ለነሐሴ እመጣለሁ፤ መጀመሪያ እትዬ የሺ መቃብር ትወስደኛለህ።

ያንተው