የ60 ቀኑ መብት በእኛ ካርድ ላይ የለም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ባለፈው ወር በካርድ ተጠቃሚዎች ላይ ሳይታወቅ ስለሚቆረጡ ክፍያዎች ያወጣችሁትን ዘገባ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። ጉዳዩ መነሳቱ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ማሳረጊያው ላይ የሰፈረው «ተጠቃሚው ያላመነበትን ክፍያ በ60 ቀናት ውስጥ የመቃወም መብት አለው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ስሕተት ነው። ስሕተቱም በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም፤ እዚህ አዳማ ላይ ሰው አክስሯል።

እኔ የአነስተኛ ነጋዴዎችን ሒሳብ እየሠራሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። 60 ቀን የሚለው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ መድከም አላስፈለገኝም። በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ያወጣችው የክሬዲት ካርድ ሒሳብ ሕግ ነው። በዚያ ሕግ መሠረት ስሕተት ያለበት ወርሃዊ መግለጫ ለደንበኛው ከተላከበት ጊዜ ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል፤ ባንኩ ማመልከቻው እንደደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅ፣ ጉዳዩንም ቢበዛ በ90 ቀን ውስጥ መቋጨት አለበት፤ ደንበኛውም እስኪጣራ ድረስ ያከራከረውን ገንዘብ አለመክፈል ይችላል። መልካም ሕግ ነው፤ ነገር ግን የአሜሪካ ነው፣ ደግሞም የክሬዲት ካርድ ነው። በአዳማ ነጋዴ ቦርሳ ውስጥ ያለው በአብዛኛው የዴቢት ካርድ ወይም ወደ ውጭ ሲወጣ ዶላር የሚሞላበት ካርድ ነው። በክሬዲት ካርድ የሚከራከር ሰው ገና ባልከፈለው ዕዳ ላይ ይከራከራል፤ የእኛ ሰው ግን ገንዘቡ ከሒሳቡ ከወጣ በኋላ አስመላሽ ሆኖ ነው ደጅ የሚጠናው። ዘጋቢያችሁ ይህን ልዩነት ሳይነካው ማለፉ እስካሁን ያናድደኛል።

ከደንበኞቼ አንዷ ልብስ ለመግዛት ዱባይ ሄዳ ነበር። ይዛልኝ የመጣችው የፖስ ማሽን (ሱቅ ውስጥ በካርድ የሚከፈልበት ማሽን) ደረሰኝ ከላይ 1,000 ድርሃም፣ ከሥሩ 285.71 ዶላር፣ ከጎኑም ለማንበብ በሚያስቸግር ጥቃቅን ጽሑፍ 3.50 የሚል የምንዛሪ ተመን ሰፍሮበታል። ድርሃም ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ1 ዶላር 3.6725 ሆኖ የጸና ገንዘብ ስለሆነ፣ ሒሳቡን ማንም ሰው በስልኩ ሊያሰላው ይችላል። መቆረጥ የነበረበት 272.29 ዶላር አካባቢ ነው። 13 ዶላር ከ42 ሳንቲም፣ ማለትም ወደ 5 በመቶ የሚጠጋ ገንዘብ፣ «በድርሃም ወይስ በዶላር ልቁረጥ?» የሚለውን የማሽኑን ጥያቄ ሻጩ በራሱ እጅ «በዶላር» ብሎ ስለመለሰው ብቻ ሄደ ማለት ነው። ይህ በአንድ ደረሰኝ ላይ ነው፤ ሌሎቹም ደረሰኞች ተመሳሳይ ናቸው። በቪዛም ሆነ በማስተርካርድ ደንብ በየትኛው ገንዘብ እንደሚከፈል የሚመርጠው የካርዱ ባለቤት እንጂ ሻጩ አይደለም፤ ስለዚህ ወይዘሮዋ የሚያስኬድ አቤቱታ ነበራት።

ነበራት እላለሁ፣ ምክንያቱም ጋዜጣችሁን አምና ጊዜ አለኝ ብላ የበዓል ገበያው እስኪያልፍ ቆየች። ወደ ባንኳ ስትሄድ በካርዱ ውል ላይ የተጻፈው የአቤቱታ ጊዜ ከ60 ቀን በእጅጉ ያነሰ እንደነበርና ማለፉንም ነገሯት። ቅርንጫፉ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ላካት፤ ዋናው መሥሪያ ቤት «ቅርንጫፍዎን ያነጋግሩ» አላት። እኔም አብሬያት ሄጄ የዘገባችሁን ቅጂ ለሠራተኛው ሳሳየው፣ ጋዜጣ ውል አይሽርም አለኝ። ልክ ነው፤ አይሽርም። እናንተስ ይህን ሳታጣሩ ለምን ጻፋችሁት?

ከዚህ የማይተናነሰው ሌላው ጉድለት ዘገባው የተለያዩ ክፍያዎችን አንድ ላይ ደርድሮ «ለባንክዎ ያመልክቱ» ማለቱ ነው። ሻጩ ያለአግባብ የቆረጠው ገንዘብ የሚመለሰው ባንኩ በካርድ ድርጅቱ (በቪዛ ወይም በማስተርካርድ) በኩል ከሻጩ ባንክ ሲያስመልስ ነው። የውጭ ኤቲኤም ባለቤት የሚወስደው ክፍያ ደግሞ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት በማሽኑ ላይ ከታየና «እሺ» ከተባለ የሚያከራክር ነገር አይቀረውም። የራሳችን ባንክ የሚቆርጠው የአገልግሎት ክፍያና በላዩ የሚታሰበው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ በሌላ መንገድ የሚሄድ ነው፤ በዚህኛው ላይ አቤቱታ የሚቀርበው በመጀመሪያ ለባንኩ የቅሬታ ክፍል ነው፤ መልሱ ካላረካም ወደ ብሔራዊ ባንክ ይኬዳል። ብሔራዊ ባንክ ያወጣው የፋይናንስ ሸማቾች ጥበቃ መመሪያ፣ ቁጥር ኤፍሲፒ/01/2020፣ ባንኮች ክፍያቸውን አስቀድመው በግልጽ እንዲያሳውቁና ቅሬታ የሚስተናገድበት አሠራር እንዲዘረጉ ያስገድዳል። ስለ ካርድ ክፍያ በሚያትት ሙሉ ገጽ ላይ የአሜሪካ ሕግ ቦታ አግኝቶ የራሳችን መመሪያ ስሙ እንኳ አለመነሳቱን ምን ልበለው?

ያነጋገራችኋቸው ሰዎች በሙሉ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች መሆናቸውንም ሳልጠቅስ አላልፍም። አዳማ በጅቡቲ መንገድ ላይ ያለች፣ ነጋዴዋ በየጊዜው ዕቃ ፍለጋ ከአገር የሚወጣ ከተማ ናት። አንድ የአዳማ ነጋዴ ጠይቃችሁ ቢሆን ኖሮ ካርዱን አውጥቶ ያሳያችሁ ነበር፤ ካርዱን ያየ ዘጋቢም ስለ 60 ቀን አይጽፍም ነበር።

ስለዚህ እርማቱ ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ፣ በዚያው መጠን እንዲወጣ እጠይቃለሁ። የአቤቱታው ጊዜ በእያንዳንዱ ባንክ የካርድ ውል ላይ የተጻፈው እንደሆነ፣ ካርድ ያዡም የውሉን ቅጂ ከቅርንጫፉ ጠይቆ ከጉዞው በፊት ማንበብ እንዳለበት፣ ደረሰኙንም ሳይጥል ከነተመኑ ፎቶ አንስቶ ከአቤቱታው ጋር በጽሑፍ ማስገባትና የገቢ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ መያዝ እንዳለበት በእርማቱ ውስጥ ይግባ። የወይዘሮዋን ደረሰኞች ቅጂ፣ ስሟንና የካርድ ቁጥሯን ሸፍኜ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ፤ ዘጋቢያችሁ ሒሳቡን ራሱ ሠርቶ ይየው።

የነጋዴዎች ሒሳብ ሠራተኛ፣ ከአዳማ