የቅዳሜው የጤና ዳሰሳ ዳታ ልምምድ

ሰላም ለሁላችሁ፣

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3:00 እስከ 6:30 በትምህርት ክፍላችን ኮምፒውተር ክፍል እንገናኛለን። ከ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ዳታ የሕፃናትን መቀንጨር (ቁመት ለዕድሜ ማነስን) እናሰላለን።

ስታታ ወይም አር (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች) የተጫነበት ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ፣ የቤተሰብ አባላቱን ፋይል (ፒአር) እና የሪኮድ ማኑዋሉን (የኮዶቹን ትርጉም የያዘውን መመሪያ) ያዙ። ፋይል በግሩፑ አትላላኩ፤ ዳታውን የመጠቀም ፈቃዱ ለአመልካቹ ብቻ ነው። ፈቃድ የሌላችሁ በነጻ በሚወርደው የልምምድ ፋይል ትሠራላችሁ።

የእናቶቹን ቃለ መጠይቅ የሚከተለው የሕፃናት ፋይል (ኬአር) እናቱ ያልተጠየቀችውን ልጅ ስለማይዝ ከዳሰሳው ሪፖርት የመቀንጨር መጠን (38 በመቶ) ጋር ላይገጥም ይችላል። በፒአር ግን ከቃለ መጠይቁ በፊት በነበረው ሌሊት እቤቱ ያደሩትን ብቻ (ኤችቪ103=1) አስቀርታችሁ፣ ኤችሲ70 (በ100 የተባዛ የቁመት ለዕድሜ ዜድ-ስኮር) ከ−200 በታች የሆነውን የቀነጨረ በሉ። 9996 እና ከዚያ በላይ ያሉት ልኬት ሳይሆኑ ኮዶች ናቸው፤ ካላወጣችኋቸው ጤነኛ ሆነው ይቆጠሩና መቶኛው ዝቅ ይላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የናሙና ክብደቱን (እያንዳንዱ ተጠያቂ በስሌቱ የሚኖረውን ድርሻ፣ ኤችቪ005) ለ1,000,000 አካፍሉ። እንደ ሐረሪና ጋምቤላ ያሉ ክልሎች ከሕዝብ ድርሻቸው በላይ ስለተወከሉ ያለ ክብደት የወጣ አገራዊ ውጤት የተዛባ ነው። ክላስተሩን (ናሙናው የተወሰደበትን አካባቢ፣ ኤችቪ021) እና ስትራተሙንም (ናሙናው የተከፈለበትን ምድብ) አስገቡ፤ አለዚያ የመተማመኛ ክልሉ (ኮንፊደንስ ኢንተርቫል) ያለአግባብ ይጠባል።

ቀኖቹ በእኛ አቆጣጠር ስለተመዘገቡ ከሌላ አገር ዳታ ጋር የምታነጻጽሩ ወደ እ.ኤ.አ. ለመቀየር በወር ኮዱ (ቀኑን በወራት ብዛት በሚገልጸው ቁጥር) ላይ 92 ደምሩ። ለዕድሜ ስሌት አያስፈልግም።

እባካችሁ መምጣታችሁን፣ የምትጠቀሙበትን ሶፍትዌርና የጥናት ርዕሳችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን።