«እና ሌሎችም» የሚባሉት ተዋንያን ስማቸው ይታተምልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ጉዳዩ፦ የተዋንያንን ሙሉ ስምና የቴአትር መርሐ ግብርን ስለ ማተም

ክቡር አዘጋጅ፣

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ የምሠራ፣ የጋዜጣዎም የረጅም ጊዜ አንባቢ ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ጥር ወር፣ ጥምቀት በዋለ በሳምንቱ፣ ሱቄ ውስጥ የገጠመኝ ነገር ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ አንድ ወጣት መጥቶ አንዲት ወረቀት 60 ኮፒ እንዳነሣለት ጠየቀኝ። ወረቀቷ ከአዲስ አበባ የመጣ የቴአትር ቡድን በዚያው ዕለት ማታ በከተማችን እንደሚያሳይ የምትገልጽ ማስታወቂያ ነበረች። የሦስት ታዋቂ ተዋንያን ፎቶግራፍና ስም በትልልቁ ወጥቶ፣ ከግርጌው «እና ሌሎችም» ይላል። ሥራ በዝቶብኝ ስለ ነበርና ሦስቱንም ተዋንያን በየሳምንቱ በቴሌቪዥን ስለማያቸው፣ ወረቀቱን ቆጥሬ አስረክቤ ሥራዬን ቀጠልሁ። በማግሥቱ አንዲት መምህርት ደምበኛዬ ማታ ያየችውን ቴአትር ስታጫውተኝ፣ «ያ አንቺ ሁልጊዜ የምታነሺው ሰውዬም ነበረበት እኮ፤ አላየሽውም?» አለችኝ። 14 ዓመት ሙሉ ሥራውን የተከታተልሁት ተዋናይ ከሱቄ የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ በማይሞላ ስፍራ ሲጫወት፣ እኔ ማስታወቂያውን በገዛ እጄ 60 ጊዜ አባዝቼ ሳላየው ቀረሁ። «ሌሎችም» ከሚለው ቃል ውስጥ ነበር።

የተዋናዩን ስም እዚህ ላይ የማላነሣው ሳላስፈቅደው በጋዜጣ ላወጣው ስለማይገባኝ ነው። ደግሞም ስሙን ብጠራ ነገሩ የአንድ ሰው አቤቱታ ይመስላል፤ በእርሱ ቦታ የሚቆሙት ግን ብዙዎች ናቸው። በድራማ ውስጥ በር የሚከፍቱት፣ ፍርድ የሚያነቡት፣ መርዶ የሚያረዱት፣ የሙሽራዋ አጎት ሆነው ለሽምግልና የሚቀመጡት፣ ፊታቸውን ስናይ «ይሄን ሰው አውቀዋለሁ» የምንላቸው፣ ስማቸው ግን አፋችን ላይ የማይመጣልን ተዋንያን ናቸው።

ተዋናይን በሩቁ መከታተል ለእኛ ለክፍለ ሀገር ሰዎች አዲስ ነገር አይደለም። በልጅነቴ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ጎረቤቱ ሁሉ ሬዲዮ ካለበት ቤት ይሰበሰብ ነበር። መልኩን አይተን የማናውቅ ልጆች፣ ፊታውራሪ መሸሻና ጉዱ ካሳ መቼ እንደሚናገሩ ከድምፁ ለውጥ ብቻ ለይተን እናውቅ ነበር። ስሙም ከትረካው ጋር አብሮ ስለሚነገር ከነአባቱ አወቅነው፤ በ1982 ዓ.ም. ሲያርፍ መልኩን ያላዩት ሰዎች ሳይቀሩ የቤታቸው ሰው እንደ ተለያቸው ሆነው አዘኑ። ጎንደርም የአዝማሪ አገር ናት። ማሲንቆ ይዞ የገባን ሰው ስሙን፣ አገሩንና የማን ልጅ እንደ ሆነ ሳንጠይቅ አንሸኝም። ለተዋናይ ሲሆን ይህ ልማድ ለምን እንደ ቀረብን አይገባኝም።

እኔ የምከታተለውን ሰው መጀመሪያ ያየሁት በ2004 ዓ.ም. በአንድ ተከታታይ ድራማ ውስጥ የግቢ ዘበኛ ሆኖ ሲጫወት ነው። ትዕይንቱ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ትንሽ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ ኳስ ያዳምጣል፤ የቤቱ እመቤት እያለቀሰች ከመኪና ትወርዳለች። እርሱ አንድም ቃል አልተናገረም። የሬዲዮውን ድምፅ ቀስ አድርጎ ቀነሰና፣ እርሷ አልፋ እስክትገባ ድረስ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። በሰው ቤት ተቀጥሮ የሚኖር ሰው የአሠሪዎቹን ገመና ላለማየት ምን ያህል እንደሚጠነቀቅ ከዚያ በፊት እንዲህ አድርጎ ያሳየኝ አልነበረም። ድራማው አልቆ የተሳታፊዎቹ ስም ከታች ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር ግን ጣቢያው ቆርጦ ማስታወቂያ አስገባ። በሚቀጥለው ሳምንትም፣ ከዚያ በኋላም እንዲሁ ሆነ። ስሙን ለማወቅ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል፤ ያገኘሁትም አንድ ደምበኛዬ በፍላሽ ያመጣልኝን ክፍል በሱቄ ኮምፒዩተር ላይ መስመር በመስመር እያቆምሁ አንብቤ ነው።

በዚያን ጊዜ «ሰው ለሰው» ይታይ ነበር፤ አበበ ባልቻን «አስናቀ» ብሎ የማይጠራውም ሰው በከተማችን ጥቂት ነበር። መሪ ተዋናይ ስሙን ለገጸ ባሕርዩ ቢያስረክብ እንኳ የሚጠራበት አያጣም። ዘበኛ ሆኖ ለሁለት ደቂቃ የታየ ሰው ግን የራሱንም የገጸ ባሕርዩንም ስም አያገኝም።

ከዚያ ወዲህ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ገዝቼ የታየበትን ቀን፣ ጣቢያውን ወይም መድረኩን፣ የተጫወተውን ሰው ዓይነት እመዘግባለሁ። እስከ ዛሬ 43 ደርሷል። ስድስት ጊዜ ዘበኛ፣ አራት ጊዜ የሙሽራ አባት፣ ሦስት ጊዜ ሐኪም፣ ሁለት ጊዜ ዳኛ፣ አንድ ጊዜ ቄስ ሆኗል፤ የቀሩት ልዩ ልዩ ናቸው። ስድስቱ ዘበኞች አንዱ ከሌላው ፈጽሞ አይመሳሰሉም። አንደኛው ወታደር የነበረ መሆኑን በአቋቋሙ ታውቃላችሁ፤ ሌላው ደግሞ ከገጠር ከመጣ ወር ያልሞላው ነው፤ የመኪና ጥሩንባ በሰማ ቁጥር ይደነግጣል። ይህን ለመጻፍ ድርሰቱ ውስጥ ቦታ እንዳልነበረ እርግጠኛ ነኝ። ከራሱ ያመጣው ነው።

ደብተሬ ስለ ሥራቸው አንዳንድ ነገርም አስተምሮኛል። በቴሌቪዥን ጢም የሌለው ሆኖ በሚታይበት ሳምንት መድረክ ላይ ሙሉ ጢም ይዞ ይወጣል፤ ድራማው ቀደም ብሎ በብዛት ተቀርጾ ኋላ በየሳምንቱ ስለሚለቀቅ፣ የምናየው ሰው የወራት በፊቱ ነው። በአማርኛ ድምፅ በተቀዱ የውጭ አገር ድራማዎች ውስጥም አለ። አንድ ማታ ወጥ እያማሰልሁ፣ ጀርባዬን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቼ ሳለሁ፣ አንድ የባዕድ አገር ሽማግሌ በእርሱ ድምፅ ልጁን ሲቆጣ ሰማሁ። በዚያም ስሙ አልተጻፈም።

ስለ መድረኩ ትንሽ ሰፋ አድርጌ እንድጽፍ ይፍቀዱልኝ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነውና። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርም ሆነ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር የሚገኙት አዲስ አበባ ነው። እዚያ አንድ ተውኔት በሳምንት በተመደበለት አንድ ቀን ብቻ እየታየ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ለከተማው ነዋሪ አሠራሩ ምቹ ነው፤ በዚህ እሑድ ያልተመቸው በሚመጣው እሑድ ያያል። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን ለምንኖር ግን ቀኑን አስቀድሞ አለማወቅ ማለት አለማየት ማለት ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ከጎንደር በአውቶቡስ ተነሥቼ ማታ አዲስ አበባ ደርሼ፣ ጉዳዬን ጨርሼ ረቡዕ ዕለት ስመለስ፣ እርሱ ያለበት ተውኔት ሐሙስ ሐሙስ እንደሚታይ ያወቅሁት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነበር። በሌላ ጊዜ ቀኑን አስተካክዬ ሄድሁ፤ ለቀረጻ ወጥቶ ኖሮ ሌላ ተዋናይ ተክቶት አገኘሁ። የተካው ሰው ጥሩ ተጫውቷል፤ ስሙን ግን በሩ ላይም ሆነ አዳራሹ ውስጥ የነገረን አልነበረም።

በሦስተኛው፣ በ2009 ዓ.ም. ወንድሜን ለሕክምና ይዤ በሄድሁበት ወቅት፣ ተሳካልኝ። አባታቸው የሞተባቸው ልጆች ስለ ውርስ ሲከራከሩ የሚያሳይ ተውኔት ነው። እርሱ የሟቹ ታናሽ ወንድም ሆኖ ከመድረኩ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ልጆቹ ስለ ቤቱና ስለ ቦታው ይጯጯኻሉ፤ የተመልካቹም ዓይን እነርሱ ላይ ነው። በመካከሉ ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ የአንድ እግሩን ጫማ አወለቀ፣ ውስጡን ተመለከተ፣ በጣቱ ሶሉን አቃናና መልሶ አጠለቀው። ለካ የለበሰው የሟቹን ጫማ ኖሯል፤ ሰፍቶታል። ይህን ማንም በቃል አልተናገረውም። መጀመሪያ ከእኔ ፊት ያሉ ሁለት ሴቶች አዩ፣ ቀጥሎ ከጎኔ ያሉት፤ ቀስ በቀስ አዳራሹ ጸጥ አለ፣ በመድረኩ መካከል ግን ጩኸቱ ቀጥሏል። ጸጥታው ከዚያ ጥግ ተነሥቶ አዳራሹን ሲሞላው በጆሮዬ ሰማሁት።

በቴሌቪዥን ቢሆን ኖሮ ይህን አላይም ነበር፤ ካሜራው የሚናገረውን ሰው ይከተላልና። ረዳት ተዋናይ የማይናገርበትን ጊዜ እንዴት እንደሚሞላው የሚታየው መድረክ ላይ ብቻ ነው። የእርሱን ዓይነት ተዋናይ ሥራ ማየት የሚሻ ሰው ከቴሌቪዥን ወደ አዳራሽ እንዲሄድ ያስፈልጋል፤ ለመሄድ ደግሞ ማን፣ የትና መቼ እንደሚጫወት ማወቅ አለበት። ከጋዜጣዎ የምጠብቀው ይህን ነው።

ስለ ተዋንያን ወሬ ጠፍቶ አይደለም። ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን ከማን እንደ ተፋታ፣ ምን መኪና እንደ ገዛ በየስልኩ ይሰማል። በደብተሬ ውስጥ ከዚህ አንዱም የለም፤ የቤቱ ጉዳይ የእርሱ ነው። ሥራው ግን ለሕዝብ የቀረበ ስለ ሆነ በሥርዓት ሊመዘገብ ይገባል። የሥራ ዝርዝር በጋዜጣ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሰውዬው ካረፈ በኋላ መሆኑም ያሳዝነኛል። ፍቃዱ ተክለማርያም በኩላሊት ሕመም ሲሠቃይ ሕዝቡ ከልቡ አዋጥቶለት ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ሲያርፍ ደግሞ የተጫወታቸው ተውኔቶች በየመገናኛ ብዙኃኑ ተዘረዘሩ። እርሱን ያህል የታወቀ ሰው እንኳ በመድረክ የሠራውን ብዙዎቻችን በወጉ የሰማነው ያን ጊዜ ነው። ስማቸው ሳይታወቅ የሚሠሩት ሲያርፉ ዝርዝሩን የሚያወጣው ከየት አምጥቶ ነው?

ስለዚህ፣ ክቡር አዘጋጅ፣ በኪነ ጥበብ ገጽዎ ላይ በየሳምንቱ የሚታዩት ተውኔቶች ከነቀናቸው፣ ከነሰዓታቸውና ከነአዳራሻቸው እንዲወጡልን እለምናለሁ። ዘጋቢዎችዎም ስለ አንድ ቴአትር ወይም ድራማ ሲጽፉ የተዋንያኑን ስም ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰው ይጻፉልን፤ የተተካ ካለም የተኪው ስም ይውጣ። ቡድኖች ወደ ጎንደር፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ደሴ ሲመጡ ጉዟቸው ቢያንስ ከሳምንት በፊት ቢታወቅ፣ የእኛ ከተማ ተመልካች አዳራሽ ለመሙላት አይሰንፍም።

ቦታ አይበቃንም የሚል መልስ እንደሚኖር እገምታለሁ። መተየብ እንጀራዬ ነውና ሞክሬ አይቻለሁ፤ የ15 ተዋንያን ስም ከነአባታቸው በጋዜጣዎ የፊደል መጠንና በአንድ ዓምድ ስፋት ሲተየብ ስምንት መስመር ነው። በአንድ ገጽ ላይ ስምንት መስመር ይገኛል።

በእኔ በኩል የምችለውን ጀምሬአለሁ። ባለፈው ወር ሌላ ቡድን መጥቶ አስተባባሪው ማስታወቂያውን ሊያባዛ ሱቄ ገባ። እንደ ተለመደው ሁለት ፎቶግራፍና «እና ሌሎችም» የሚል ነበር። ሌሎቹ እነማን እንደ ሆኑ ጠየቅሁት። ሁሉንም ስለማያውቃቸው ስልክ ደውሎ አንድ በአንድ እያስነገረ ነገረኝ፤ ዘጠኝ ነበሩ። «እና ሌሎችም» የሚለውን አጥፍቼ ዘጠኙንም ስም በቦታው ተየብሁና፣ የተየብሁበትን ሳላስከፍለው ወረቀቱን አባዛሁለት። ሊከፍለኝ ሲቆጥር ከጀርባው ተራ ይጠብቅ የነበረ ልጅ ወረቀቱን አንሥቶ አነበበና፣ ከዘጠኙ አንዷን «ይቺማ የሰፈራችን ልጅ ናት!» ብሎ አንድ ቅጂ ለእናቷ ሊሰጥ ይዞ ሄደ።

የዚያን ማስታወቂያ አንድ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬአለሁ። ከእንግዲህም ወደ ጎንደር የሚመጡ ቡድኖች ወረቀት በእጄ በገባ ቁጥር ሙሉውን ስም ጠይቄ ለዝግጅት ክፍልዎ እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር

የጋዜጣዎ አንባቢ፣ ጎንደር ፒያሳ