ይድረስ ለእማዬ፣ ፍልሰታ ሳይገባ

አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 14

እማዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ሚጡ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ማሙሽ አራተኛ ክፍልን ጨርሷል፤ ካርዱን አያቴ ካላየችው አልፌያለሁ አልልም ብሎ ከቦርሳው አላወጣውም። ክረምቱ ሳያልቅ ጅማ ውሰጂኝ እያለ ነው። ስለ ልጆቹ ገጽ ሙሉ ብጽፍልሽ ደስ ብሎሽ ታነቢዋለሽ፤ እኔም የምፈራውን ሳልናገር አልፋለሁ። በስልክ ስንት ወር እንዲህ ስናልፍ ከረምን። በደብዳቤ ያደረግኩት ለዚህ ነው።

አቡሽ ራጅሽን ልኮልኛል። አትቆጪው፣ ጨንቆት ነው። መስኮቱ ላይ ለጥፎ በስልክ አንስቶታል፤ ከፊልሙ ጀርባ የጓሮው አቮካዶ ቅጠል ይታያል። ከወገብሽ ከፍ ብሎ አንዷ የአከርካሪ አጥንት ከፊት በኩል ወርዳ ጠብባለች፤ ከላይዋ ያሉት ወደፊት አዘንብለውባታል። ፋሲካ ላይ ስመጣ ቀሚስሽ መሬት ሲጠርግ አይቼ "እማዬ፣ ይሄ ቀሚስ ረዘመብሽ" ስልሽ "ልብስ ሰፊው ነው ያበላሸው" አልሽኝ። ያንን ቀሚስ አውቀዋለሁ። ጡረታ በወጣሽ ዓመት ያሰፋሽው ነው፤ ጥለቱ ቁርጭምጭሚትሽ ላይ ነበር የሚያርፈው።

አቡሽ ሌላም ነግሮኛል። ሐኪሟ የአጥንት መድኃኒት ካዘዘችልሽ ሁለት ወር ሊሞላ ነው፤ ወረቀቱም ዳዊትሽ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። "ከፍልሰታ በኋላ" ብለሻል። ከዚያ በፊት ደግሞ "ከሰኔ ጾም በኋላ" ነበር።

"መድኃኒት ላመጣው ጣጣ ሌላ መድኃኒት!" ማለትሽ ይገባኛል፤ በአንቺ ቦታ ብሆን እኔም እላለሁ። ለመገጣጠሚያሽ የምትወስጂው ስቴሮይድ፣ ፕሪድኒሶሎኑ፣ ግን ምን እንዳደረገልሽ ሁለታችንም አይተናል። ከዚያ በፊት ጠዋት ጠዋት ጣቶችሽ አልዘረጋ ብለው አቡሽ ነበር ቁልፍሽን የሚቆልፍልሽ። ጀበና ማንሳት አቅቶሽ ቡናውን ጎረቤት እየመጣ ይቀዳልሽ ነበር። መድኃኒቱን በጀመርሽ በሳምንቱ ራስሽ ቀድተሽ ሰጠሽኝ፤ ሲኒው አልተንቀጠቀጠም። አንቺ መምህርት ነሽና ታሪኩን ትወጂዋለሽ፦ እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ውስጥ ያንቺው ዓይነት የመገጣጠሚያ ሕመም ያሰራት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪድኒሶሎንሽ ዘመድ የሆነውን ኮርቲዞን ተወግታ በቀናት ውስጥ ተነስታ ሄደች። ሐኪሙ ከሁለት ኬሚስቶች ጋር በ1950 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ጣጣው የታየው እየቆየ ነው፤ ስኳሩ፣ የፊት ማበጡ፣ የአጥንቱ መሳሳት። ሰፈር ውስጥ "ተመችቶሻል፣ ፊትሽ ሞላ" እያሉሽ አንቺ ዝም ብለሽ ፈገግ የምትይው ነገር እኮ ይኸው ነው።

እዚህ የማውቃትን የመገጣጠሚያ ሐኪም ሄጄ ጠየቅኳት። እንዲህ ነው የገባኝ፦ አጥንት የጭቃ ቤት ግድግዳ ነው፤ አንዱ ያረጀውን ይፍቃል፣ ሌላው ከኋላው እየተከተለ ይመርጋል። ስቴሮይዱ መራጊዎቹን ያዳክማል፣ ፋቂዎቹን ዕድሜ ይሰጣቸዋል። በዚያ ላይ አንጀት ካልሲየም በደንብ እንዳይቀበል፣ ኩላሊትም የተገኘውን በሽንት እንዲያስወጣ ያደርጋል። አጥንቱ በፍጥነት የሚሳሳው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ አንቺ ደግሞ ከጀመርሽ ሦስት ዓመት አለፈሽ፣ ዛሬም በቀን 10 ሚሊ ግራም ላይ ነሽ። 2.5 ሚሊ ግራም እንኳ ከሦስት ወር በላይ ከተወሰደ የአጥንቱ ነገር መታየት አለበት ይላሉ። የታዘዘልሽ አሌንድሮኔት ፋቂዎቹን ይይዛቸዋል። የወረደችዋን አጥንት አይመልሳትም፤ የሚቀጥለው ስብራት እንዳይመጣ ነው። አንድ አጥንት የወረደበት ሰው ሌላው የመውረድ ዕድሉ ከፍ ይላል፤ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይኼ ነው።

"ብርድ ነው የመታኝ" ብለሽ ጀርባሽን በቅቤ ያሳሸሽበትን ነገር ግን እባክሽ አትድገሚው። ወጌሻው ጥሩ ሰው ነው፤ የአቡሽን ክንድ መልሶለታል፣ አልረሳሁም። የሳሳ አከርካሪ ላይ በጉልበት መጫን ግን ሌላ ነገር ነው። ስግደቱንም ቢሆን ለንስሐ አባትሽ ነግረሽ ቆመሽ ጸልዪ። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን እንደማታስጨንቅ ለእትዬ ስታስረጃት ሰምቼሻለሁ።

የአጥንት መድኃኒቱ መንጋጋ ያበሰብሳል ያሉሽን ነገር ደግሞ ጠይቄያለሁ፤ ውሸት ነው ብዬ ላጣጥለው አልፈለግኩም። አለ። የመንጋጋ አጥንት ሳይድን የሚቀርበት ችግር አለ፤ በብዛት የታየው ግን ለካንሰር በደም ሥር ከፍ ያለ መጠን በሚወስዱ ሰዎች ላይ ነው። ለአጥንት መሳሳት በሚወሰደው መጠን ከ10,000 ሰው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው የሚያጋጥማቸው። አደጋው ጎላ የሚለው መድኃኒቱን እየወሰዱ ጥርስ ሲነቀል ነው። ስለዚህ ያቺ በግራ በኩል ያለችው፣ ቅርንፉድ እየነከስሽ የምታስታግሻት መንጋጋ ጥርስ ትቅደም። ትነቀል፣ ቁስሉ ይዳን፣ ከዚያ ይጀመር። አጥንት የሚሰብር አጥንት ጠጋኝ ነው የሚባለውም እውነትነት አለው፤ ለብዙ ዓመታት በወሰዱት ላይ አልፎ አልፎ የጭን አጥንት ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው አምስት ዓመት ገደማ ሲሞላ ይቀጥል ወይስ ይረፍ ብለው እንደገና የሚያዩት። ጭንሽን ወይም ብሽሽትሽን ያለ ምክንያት ከቆረጠመሽ ያኔውኑ መናገር ነው። ያኔውኑ! ከሁለት ወር በኋላ አይደለም።

ፕሪድኒሶሎኑን ራሴ አቁሜው እገላገላለሁ የሚል ሐሳብ ካለሽ ግን ተይው። ሰውነትሽ መድኃኒቱን ለምዶ የራሱን ስቴሮይድ ማምረት ትቷል፤ በድንገት ከተቋረጠ አቅልሽን ስተሽ ልትወድቂ፣ ከዚያም ለከፋ ነገር ልትደርሺ ትችያለሽ። መቀነስ ከተቻለ ሐኪሟ ናት በትንሽ በትንሹ የምትቀንስልሽ። ያንን ደግሞ ጠይቂያት፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ለአጥንቱም ይበጀዋል።

"ከዚህ በኋላ ስንት ዓመት ልኖር ነው" ብለሽዋል አቡሽን። እሱ ሲነግረኝ ድምፁ ተቆረጠ። እማዬ፣ ስለ ዕድሜ አይደለም የምጽፍልሽ፤ ዕድሜ የፈጣሪ ነው። አልጋ ላይ ስለመዋል ነው። ሌላውን ነገር ሁሉ ያስቀደምኩት ይኼን መጻፍ ስለከበደኝ ነው፤ እማማን፣ እናትሽን፣ ልጠራ ነውና።

እማማ ስትወድቅ እኔ ባሕር ዳር ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበርኩ። ደጃፉ ላይ አዳልጧት ዳሌዋ መሰበሩን፣ ከዚያም አለመነሳቷን ያወቅኩት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። እሑድ እሑድ ስደውል "ተኝታለች፣ አልቀሰቅሳትም" ትይኝ ነበር። ድምፅሽ አንድ ቀን እንኳ አልተለወጠም። ፈተና ጨርሼ ለእሷ ሻሽ ገዝቼ ጅማ መናኸሪያ ስወርድ ጋሼ ጥቁር ለብሶ ቆሞ አየሁት። ቤት ስገባ አልጋዋ ተነስቶ፣ ቦታው ላይ የእህል ከረጢት ተደርድሮበታል። አርባዋ ወጥቷል። እናንተ አልቅሳችሁ ጨርሳችሁ እንባችሁ ደርቋል፤ እኔ ብቻዬን ሳለቅስ ሰው ሁሉ ያጽናናኛል፣ አብሮኝ የሚያለቅስ ግን አልነበረም። ሻሹን ከነላስቲኩ ጭንሽ ላይ አስቀመጥኩት። "ፈተናሽ እንዳይበላሽብሽ ብለን ነው" አልሽኝ።

ለእኔ ብለሽ እንዳደረግሽው አውቃለሁ፤ አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ያኔ እናትሽን ቀብረሽ በየእሑዱ ያንን ድምፅ ማውጣት ምን ያህል እንደከበደሽም፣ እኔ ራሴ ከወለድኩ በኋላ ነው የታየኝ። ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። እማማ ሦስት ወር አልጋ ላይ ስትሆን አንድ ጊዜ እግሯን ሳላሻት ቀረሁ። የምችለውንና የማልችለውን የወሰንሽልኝ አንቺ ነሽ።

አሁን ይኼን ለምን አነሳሁ? እናቱ ወይ አባቱ ዳሌያቸው የተሰበረ ሰው የራሱም የመሰበር ዕድል ይጨምራል፤ ለዚህ ነው ሐኪሞቹ የሚጠይቁት። ሐኪሟ ጠይቃሽ "የለም" አልሻት አሉ። አቡሽ አጠገብሽ ተቀምጦ ሰምቶሻል፤ እንዳያሳፍርሽ ብሎ ዝም አለ። እማዬ፣ ለእኔ የደበቅሽኝን እሺ፣ ለሐኪሟም? ስታስተምሪ ኖረሽ የለም እንዴ "ጥያቄውን በደንብ ሳታነቡ አትመልሱ" እያልሽ። ሄደሽ ንገሪያት። የእማማን ነገር ሳታውቅ ያዘዘችልሽ ብታውቅ ምን ትል ነበር?

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ይሁን እላለሁ። መጀመሪያ ጥርሷ። አብሮ የኩላሊትሽ፣ የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ የደም ምርመራ ይሠራ፤ ኩላሊት ከደከመ ይኼ መድኃኒት አይሰጥምና። ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን፣ ማክሰኞን ያዢ፤ ቅዳሴም የሐሙስ ገበያም የሌለበት ነው። ንጋት ላይ በባዶ ሆድ አንዷን 70 ሚሊ ግራም ፍሬ በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ መዋጥ ነው። በውሃ ብቻ! በቡና አይደለም፣ በሻይም አይደለም፤ ቡና ካገኘው አብዛኛው መድኃኒት ሰውነትሽ ውስጥ ሳይገባ ያልፋል። ከዚያ ለ30 ደቂቃ ጋደም ማለት የለም፤ ፍሬዋ ወደኋላ ተመልሳ የምግብ ቧንቧን እንዳታቆስል ነው። ቁጭ ብለሽ ውዳሴ ማርያምሽን ድገሚ፣ ስትጨርሺ ቡናው ይፈላል። የካልሲየሙን ክኒን ለከሰዓት አቆዪው። ጨጓራሽ አልችል ካለ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ዞሌድሮኒክ አሲድ የሚባል አለ፤ "ጨጓራ አለብኝ" ብለሽ ለሐኪሟ ንገሪያት እንጂ ፍሬዋን ዳዊት ውስጥ አትደብቂያት።

በጾሙ ወተት ስለማትቀምሺ ጎመኑንና ሰሊጡን በርከት አድርጊ። ጠዋት ፀሐይ ብቅ ስትል ነጠላሽን ከክንድሽ ገለጥ አድርገሽ በረንዳው ላይ ተቀመጪ፤ ግን በዚያ አጭር በርጩማ አይደለም፣ ስትነሺ ጀርባሽን ነው የምታስጨንቂው። አቡሽ መደገፊያ ያለው ወንበር ያውጣልሽ። ከሂርማታ ገበያ ዘንቢል ተሸክመሽ መምጣትም ይቅር። ደጃፉ ላይ ያለውን ሙልጭልጭ ድንጋይ አቡሽ ዘንድሮም ካላነሳው እኔ መጥቼ አነሳዋለሁ፤ እማማን የጣላት እሱ ነው፣ እስካሁን እንዴት እዚያ እንዳለ አይገባኝም።

ሐምሌ 26 ጅማ እገባለሁ፤ ጊቤ ላይ መንገዱ ካልተበላሸ ከምሳ በኋላ። ማሙሽም ካርዱን ይዞ ይመጣል። ከፈለግሽ ሐኪሟ ጋር አብረን እንገባለን፤ ካልፈለግሽ ውጭ አግዳሚው ላይ እጠብቅሻለሁ። መድኃኒቱን እንድትወስጂው እፈልጋለሁ፤ ይኼን ሸፍኜ አልጽፍልሽም። አካልሽ ግን ያንቺ ነው፤ ሁሉን ሰምተሽ፣ ሁሉን ጠይቀሽ "አልወስድም" ካልሽ አልጣላሽም። የምጣላሽ ከአቡሽ ከሰማሁት ነው። እሑድ እደውላለሁ። ያንቺን መልስ ካንቺው አፍ ንገሪኝ።

ልጅሽ

ለጥርሱና ለደም ምርመራው ገንዘብ በቴሌብር ለአቡሽ ልኬለታለሁ፤ "ያንቺ ልጆች ትምህርት ቤት ይከፈልበት" ብለሽ እንዳትመልሺው። የልጆቹ ተከፍሏል።